መሬትን ከውሉ ማውጣት ጭሱን ከመዝገብ መፋቅ ነው

ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ስምምነቶች ስለ ድንጋይ ከሰል፣ ስለ ነዳጅ ዘይትና ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ብቻ ይነጋገሩ፤ ደኑ፣ እርሻው፣ ግጦሹና ረግረጉ ከውሉ ይውጣ ይላል። ጸሐፊው ጉዳዩን አጥንተው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ብዙ ሰው የተቀበላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ድምዳሜያቸው ግን ስህተት ነው። ተግባራዊ ቢሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው እርሳቸው ሊከላከሉለት የተነሡለት የደን አካባቢ ነዋሪ ነው።

ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ መሬት የሚለቀውና የሚመጥጠው ካርቦን የተፈጥሮ ዑደት ስለሆነ የአየር ንብረቱን የሚያናጋው ከምድር ሆድ የሚወጣው ነዳጅ ብቻ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ የመሬት ካርቦን በወጉ ሊለካ አይችልም። ሦስተኛ፣ መሬት ወደ ስምምነቶቹ የገባው ሀብታም አገሮች ከግዴታቸው የሚያመልጡበት ቀዳዳ ሆኖ ነው። አራተኛ፣ ደን ነገ ሊቃጠል ስለሚችል በውስጡ ያለው ካርቦን ዋስትና የለውም። አምስተኛ፣ ሸክሙ በድሃ አገሮች ላይ ይወድቃል፤ ገበሬውና የደን ነዋሪው መሬቱን ያጣል። ከአምስቱ ሦስቱ ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። እውነቱ ግን ወደ ሌላ መደምደሚያ ነው የሚወስደው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዑደቱ ልጀምር። ዋናው ችግር ቅሪተ አካል ነዳጅ ነው የሚለውን ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ። ነዳጅና ሲሚንቶ በዓመት ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቁ፣ ደን ምንጠራን የመሰለ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የሚለቀው ወደ 4 ቢሊዮን ቶን ነው። ይሁን እንጂ ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ነው። የከብቱና የሩዝ ማሳው ሚቴን፣ የማዳበሪያው ናይትረስ ኦክሳይድ ሲታከልበት ግብርና፣ ደንና ሌላው የመሬት አጠቃቀም በ2019 ዓለም ከለቀቀችው ሙቀት አማቂ ጋዝ 22 ከመቶ ያህሉን እንደያዘ የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል (አይፒሲሲ) በ2022 ሪፖርቱ አስፍሯል። ከ1850 ወዲህ የሰው ልጅ ከለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሲሶ የሚጠጋው ከመሬት የመጣ ነው። ከአምስት እጅ አንዱን ትቶ ስለ ቀሪው ብቻ የሚዋዋል ስምምነት ሙሉ ስምምነት አይሆንም።

ደግሞስ የቱ ዑደት? ዛፍ ሞቶ በቦታው ሌላ ሲበቅል ዑደት አለ። ደኑ ተመንጥሮ የከብት ግጦሽ ሲሆን ግን የወጣው ካርቦን የሚመለስበት ቦታ የለም፤ ለከባቢ አየሩ ከነዳጅ የወጣም ሆነ ከግንድ የወጣ አንድ ነው። ይህ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ፒት በሚባለው ረግረጋማ አፈር ላይ ነው። ፒት ማለት ውኃ ውስጥ ተኝቶ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተደራረበ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ከምድር የየብስ ስፋት 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ይዞ፣ በዓለም አፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ሲሶ የሚሆነውን አቅፏል። ለፓልም ዘይት እርሻ ሲባል ቦይ ይቆፈርበታል፤ ውኃው ይወርዳል፤ አየር ያገኘው አፈር መበስበስ ይጀምራል። መሬቱ ራሱ ዝቅ ይላል። ከሥር ካለው ጠንካራ አፈር ጋር የተቸነከረ የብረት ዘንግ ቢተከል፣ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተገለጠ ሲሄድ በዓይን ይታያል። የጎደለው አፈር የት ሄደ? አብዛኛው ወደ አየር ነው የሄደው። በአይፒሲሲ መመሪያ መደበኛ ስሌት እንዲህ ውኃው ተጠንፍፎ ፓልም የተተከለበት የሐሩር አካባቢ ፒት በአንድ ሄክታር በዓመት 40 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ያውም እሳት ሳይነካው። እሳት ሲነካው ምን እንደሚሆን ኢንዶኔዥያ በ2015 አይታዋለች፤ የዓለም ባንክ ባሰላው መሠረት 2.6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተቃጠለ፣ ከዚያም ውስጥ ሲሶ ያህሉ ፒት ነበር። ሺህ ዓመታት የፈጀ ክምችት በጥቂት አሥርት ዓመታት አልቆ ሲያበቃ የተፈጥሮ ዑደት ነው ማለት አያስኬድም።

ወደ ልኬቱ ስመጣ፣ ጸሐፊው የመሬት ቁጥር ከነዳጅ ቁጥር ይልቅ እርግጠኝነት እንደሚጎድለው መናገራቸው ልክ ነው። ትልቁ ማስረጃቸውም እውነተኛ ነው፤ አገሮች ስለ መሬታቸው የሚያቀርቡት ዘገባ ተደምሮ ሳይንቲስቶች በሞዴል ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸር በዓመት 5.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልዩነት አለው። እርሳቸው ይህን የማጭበርበር ማረጋገጫ አድርገው ነው ያቀረቡት። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ግን ሁለቱ ወገኖች የሚቆጥሩት ነገር ስለሚለያይ ነው። ሞዴሎቹ ሰው በቀጥታ ያደረገውን ብቻ፣ ማለትም ምንጠራውን፣ ቆረጣውንና ተከላውን ይቆጥራሉ። አገሮች ደግሞ በአይፒሲሲ መመሪያ መሠረት «በሰው አስተዳደር ሥር ያለ» ብለው በከለሉት መሬት ላይ የሚሆነውን ሁሉ ይቆጥራሉ፤ በአየሩ ውስጥ ካርቦን ስለበዛ ደኑ በፍጥነት ማደጉን ሳይቀር። ይህ አሳሳቢ አይደለም አልልም። አንድ አገር ሰፊ ደኑን በዚህ ክልል ውስጥ አስገብቶ፣ ያልደከመበትን የተፈጥሮ መምጠጥ ለራሱ ሊቆጥር ይችላል። ዳሩ ግን ልዩነቱን ልናውቅ የቻልነው አገሮች እንዲዘግቡ ስለተገደዱ ነው። ዘገባ ባይኖር ኖሮ ጸሐፊውም ይህን ቁጥር ከየትም አያገኙትም ነበር።

ልኬቱ ራሱ ደግሞ ግምት ብቻ አይደለም። በናሙና በተመረጠ ቦታ ላይ የእያንዳንዱ ዛፍ ግንድ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ተጠምጥሞ ይለካል፤ የዛፉ ዝርያ ይመዘገባል፤ ከዚያ በቀመር የደረቅ ክብደቱ ይሰላል፤ ከደረቅ ክብደቱ 47 ከመቶው ካርቦን ተብሎ ይያዛል። ይህ በየጥቂት ዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ይደገማል። የደኑን ስፋት ደግሞ ሳተላይት ይከታተላል። የብራዚል የጠፈር ምርምር ተቋም የአማዞንን ምንጠራ ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ሲለካ ኖሯል፤ ውጤቱንም ለማንም ያሳያል። ሚቴን ከጋዝ ማውጫዎችና ከቧንቧዎች ከሚዘገበው በላይ እንደሚያመልጥ ተደጋጋሚ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ሆኖም ልኬቱ አስቸጋሪ ነውና ጋዝን ከስምምነቱ እናውጣ ያለ የለም። የተሠራው መለኪያውን ማሻሻል ነው። ለመሬት ሌላ ሕግ የሚኖረው ለምንድን ነው?

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ጉልበት ያለበት ቦታ ነውና ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ። ታሪኩን አልክድም። የኪዮቶ ፕሮቶኮልን፣ ማለትም በኢንዱስትሪ ያደጉ አገሮች ልቀታቸውን እንዲገድቡ የሚያስገድደውን ውል፣ ዝርዝር ለመጨረስ በ2000 ሄግ ላይ የተደረገው ጉባኤ የፈረሰበት አንዱ ትልቅ ምክንያት አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጃፓንና አውስትራሊያ ደናቸው የሚመጥጠውን በሰፊው እንቁጠር ሲሉ የአውሮፓ ኅብረት አልቀበልም በማለቱ ነው። በ2001 ድርድሩ ሲቀጥል ሩሲያ ከደን አስተዳደር ለራሷ እንድትቆጥር የተፈቀደላት መጠን በዓመት ከ17.63 ወደ 33 ሚሊዮን ቶን ካርቦን አደገ፤ ይህ የሳይንስ ሳይሆን ፕሮቶኮሉን እንድታጸድቅ የተከፈለ የፖለቲካ ዋጋ ነበር። አውስትራሊያም በኪዮቶ ፕሮቶኮል አንቀጽ 3.7 ላይ ለእርሷ የሚመች ሐረግ አስገብታለች። በመነሻ ዓመቱ በ1990 የነበራት ምንጠራ እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ያ በመነሻው ላይ ሲደመርላት፣ ምንጠራው አስቀድሞ እየቀነሰ ስለነበረ ግቧን ያለ ብዙ ልፋት አገኘችው። ግቡ ራሱም ከ1990ው 8 ከመቶ ጭማሪ የሚፈቅድ ነበር። እነዚህን ጸሐፊው በትክክል ዘርዝረዋል።

ቀዳዳዎቹ በሙሉ የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አልታያቸውም። እያንዳንዱ ቀዳዳ የተገኘው መሬት ግማሹ ገብቶ ግማሹ በቀረበት ቦታ ላይ ነው። በኪዮቶ የመጀመሪያ ዘመን፣ ከ2008 እስከ 2012፣ ምንጠራና አዲስ ተከላ የግድ ሲቆጠሩ የነባር ደን አስተዳደር፣ የእርሻና የግጦሽ መሬት በምርጫ ነበሩ። የሚጠቅመው መረጠ፤ የሚጎዳው ተወው። በ2011 ደርባን ላይ የደን አስተዳደር ለሁለተኛው ዘመን ግዴታ ሆነ፤ ከእርሱ የሚገኘው ጥቅምም ከመነሻ ዓመት ልቀት 3.5 ከመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት። ይህም ፍጹም አልነበረም። አገሮች የማነጻጸሪያ ደረጃቸውን፣ ማለትም ጥቅምና ጉዳታቸው የሚለካበትን መነሻ፣ ወደፊት ሊቆርጡ ባሰቡት ልክ መተንበይ ይችሉ ስለነበር፣ ቆረጣ ለመጨመር ያቀደ ሁሉ ጭማሪውን ከመቆጠር አድኖታል። እርማቱ ግን ወደ የት እንደሄደ ልብ ይባል፤ መሬትን ይበልጥ ወደ ውስጥ ወደ ማስገባት ነው።

መሬት ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ መገመት አያስፈልግም፤ ሆኖ ታይቷል። በዓለም አቀፉ የዘገባ ሥርዓት እንጨት ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኃይል ዘርፉ ድምር ውስጥ አይገባም፤ ለማስታወሻ ያህል ብቻ ከጎን ይሰፍራል። ምክንያቱ ትክክለኛ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ጉድለቱ በመሬት ዘርፍ ተቆጥሯል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሲቃጠል እንደገና ቢቆጠር ድርብ ይሆናል። ሥርዓቱ የሚቆመው እንግዲህ የመሬቱ ዓምድ በትክክል ከተሞላ ብቻ ነው። አሁን እንግሊዝ ዮርክሸር ያለውን የድራክስ የኃይል ማመንጫ እንመልከት። ቀድሞ በአገሪቱ ትልቁ የከሰል ጣቢያ ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ ማመንጫዎቹን አንድ በአንድ ተፈጭቶ እንደ እንክብል ወደ ተጨመቀ እንጨት አዞረ። እንጨቱ በአብዛኛው ከደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶች በመርከብ ይመጣል። በእንግሊዝ የኃይል ዘርፍ መዝገብ ላይ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዜሮ ነው። ቆረጣው መቆጠር ያለበት በአሜሪካ የመሬት ዓምድ ላይ ነበር፤ አሜሪካ ግን የኪዮቶ ፕሮቶኮልን አላጸደቀችምና ቆረጣውን የሚያስቆጥር ግዴታ አልነበረባትም። የነባር ደን አስተዳደርን በመጀመሪያው ዘመን ያልመረጠችው ካናዳም እንዲሁ። ጭሱ በዓይን ይታይ ነበር፤ በየትኛውም አገር የኪዮቶ ግዴታ ውስጥ ግን አልነበረም።

ጸሐፊው እንዳሉት መሬት ከስምምነቱ ጨርሶ ቢወጣ ይህ ልዩ አጋጣሚ መሆኑ ቀርቶ የዓለም ደንብ ይሆናል። ከሰልን በእንጨት የተካ ማንኛውም መንግሥት በወረቀት ላይ ልቀቱን አጠፋ ይባላል። ከሰብል የሚሠራ የመኪና ነዳጅም እንደዚሁ። ነዳጅ ላይ ብቻ እናተኩር የሚለው ሐሳብ፣ ነዳጅ አቃጣዮችን ከሁሉ የሚያስደስት ቀዳዳ ይከፍትላቸዋል። በዚህ ላይ ጽሑፉ አንድም ቃል አላነሣም፤ መልስ ሳይሰጡበት ደግሞ ሐሳባቸው ውኃ አይቋጥርም።

በፓሪስ ስምምነት ዘመን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ይህንንም ከጸሐፊው ጋር እጋራለሁ። አንቀጽ 5 አገሮች ደንን ጨምሮ የካርቦን ማከማቻዎችን እንዲጠብቁ ይጠይቃል፤ ግባቸውን የሚነድፉት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ብዙዎቹም የነዳጁንና የደኑን ቁጥር አንድ ላይ አቀላቅለው ስለሚያቀርቡ የቀነሰው የቱ እንደሆነ አይለይም። መድኃኒቱ ሁለቱን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ለነዳጅ አንድ ግብ፣ ለመሬት ሌላ ግብ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት በነጻነት እንዳይሸፍን። የአውሮፓ ኅብረት ለመሬት የተለየ ሕግ አውጥቶ በ2030 በዓመት የተጣራ 310 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመምጠጥ ግብ አስቀምጧል፤ የተወሰነ መተጣጠፊያ ቢኖርበትም አቅጣጫው ትክክል ነው። ፊንላንድ በ2035 ከካርቦን ገለልተኛ ለመሆን በሕግ የወሰነችው ደኗ በሚመጥጠው ላይ ተማምና ነበር፤ ቆረጣው በዝቶ፣ የዛፎቹ ዕድገት ተዳክሞ፣ የተጠነፈፈው ፒትም መልቀቁን ቀጥሎ የመሬት ዘርፏ መምጠጡን ትቶ ለቃቂ ሆነ። ዛሬ አገሪቱ ስለ ቆረጣ መጠን አጥብቃ የምትከራከረው ይህ ቁጥር በመዝገብ ስለወጣ ነው።

ስለ ዘላቂነት ያሉትን በአጭሩ ልመልስ፤ በግማሹ እንስማማለንና። የካናዳ ሰደድ እሳት በ2023 ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር በልቷል። ደን ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ የከሰል ጭስን በደን ክሬዲት (ደን ስለመጠጠው ወይም ስላዳነው ካርቦን በሚሰጥና በሚሸጥ ማረጋገጫ) ማካካስ ትክክል አይደለም። ነገር ግን ይህ ማካካስን የሚነቅፍ ክርክር ነው፤ መቁጠርን የሚነቅፍ አይደለም። በኪዮቶ ሥር የደን ልማት ክሬዲቶች ጊዜያዊ ሆነው የተቀረጹት፣ ዘመናቸው ሲያልፍም ገዢው እንዲተካቸው የተደረገው ለዚሁ ሥጋት ነበር፤ የአውሮፓ የልቀት ገበያም ጨርሶ አልተቀበላቸውም። ከፕሮቶኮሉ የንጹህ ልማት ፕሮጀክቶች (በታዳጊ አገሮች ልቀት ቀንሰው ክሬዲት ከሚያገኙት) ውስጥ የደን የሆኑት 1 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። ጸሐፊው የጠቀሱት የክሬዲት ቅሌት የተፈጸመው ከስምምነቶቹ ውጭ፣ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው በሚገበያዩበት ገበያ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት በስድስት አገሮች 26 ፕሮጀክቶችን መርምሮ፣ ይገኛል ከተባለው ክሬዲት እውነተኛ ቅነሳ የተገኘበት 6 ከመቶ ገደማው ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እነዚያ ፕሮጀክቶች መነሻቸውን የሚያሰሉት ለየራሳቸው ነው፤ በሬድ ፕላስ፣ ማለትም ታዳጊ አገሮች የደን ምንጠራን ሲቀንሱ ክፍያ እንዲያገኙ በተዘጋጀው የተባበሩት መንግሥታት አሠራር፣ ሥር ግን ስሌቱ በአገር ወይም በክልል ደረጃ ሆኖ፣ የማነጻጸሪያ ደረጃው በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጽሕፈት ቤት በኩል በባለሙያዎች ይገመገማል።

እሳቱንም ካነሣን፣ ካናዳ የሰደድ እሳት ልቀትን የተፈጥሮ አደጋ ብላ ከምትቆጥረው ትለየዋለች። ምክንያት አላት፤ መብረቅ የለኮሰውን መንግሥት አይቆጣጠረውም። ቢሆንም የ2023 ጭስ አህጉር አቋርጦ ሄዶ በአገሪቱ ግብ ላይ አልታየም። ከመዝገብ ማውጣት ምን እንደሚመስል በከፊል ይኸው ነው።

በመጨረሻ የፍትሕ ጥያቄው ይመጣል፤ ጽሑፉን ብዙ ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ሥጋቱ እውነት ነው። አገሮች ካርቦን ከአየር ለማውጣት የገቡት ቃል ወደ 1.2 ቢሊዮን ሄክታር መሬት እንደሚጠይቅ በ2022 ተሰልቷል፤ ይህም የዓለም የእርሻ መሬት ስፋት ላይ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። ያ ሁሉ መሬት ባዶ አይደለም፤ ሰው ይኖርበታል። ይህን ተስፋ የሚነድፉ ባለሥልጣናት በማን መሬት ላይ እንደሚተክሉ መጠየቅ አለባቸው።

መሬት ወደ ስምምነቱ የገባው ግን በሀብታሞች ግፊት ብቻ ነው የሚለው ታሪኩን ይቆርጠዋል። በኪዮቶ ዘመን የቆመ ደንን ከመመንጠር ማዳን ክሬዲት አያስገኝም ነበር፤ አዲስ መትከል እንጂ። በ2005 ሞንትሪያል ላይ ይህ ይቀየር ብለው ጥያቄ ያቀረቡት ፓፑዋ ኒው ጊኒና ኮስታሪካ ናቸው። ኮስታሪካ ከዚያ ቀደም በ1996 የደን ሕጓ ደኑን ለሚጠብቅ ባለይዞታ ከነዳጅ ግብር መክፈል ጀምራ ነበር፤ በ1980ዎቹ ከአገሪቱ ስፋት ሩብ ገደማ ብቻ ሸፍኖ የነበረው ደን ዛሬ ከግማሽ በላይ ሆኗል። ብራዚል በ2004 27,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረውን የአማዞን ምንጠራ በ2012 ወደ 4,600 አወረደችው። ይህን የሠራው በዋናነት የራሷ ሳተላይት፣ ፖሊስ፣ የብድር ክልከላና የመሬት ጥበቃ ነው፤ ስምምነቱ አመጣው አልልም። ይሁን እንጂ በ2008 የተቋቋመውና ኖርዌይ እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ቃል የገባችለት የአማዞን ፈንድ የሚከፍለው ለታየ ውጤት ነበር፤ ውጤቱን የሚያሳየውም ቁጥር ነው። የኢንዶኔዥያ ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ይነበባል። በ2010 ከኖርዌይ ጋር የገባችውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት በ2021 ያፈረሰችው ለቀነሰችው ልቀት የሚገባት ክፍያ አልመጣልኝም ብላ ነው። በዚህ ውስጥ የፍትሕ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው ግን ቃል የተገባው ይከፈል የሚል ነው።

የደን ነዋሪውን መብት በተመለከተ በ2010 ካንኩን ላይ የጸደቁት የሬድ ፕላስ ጥበቃዎች የነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ማኅበረሰቦች መብትና ዕውቀት እንዲከበር፣ በውሳኔው ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው፣ የተፈጥሮ ደንም ወደ ተክል እርሻ እንዳይለወጥ ይደነግጋሉ። አፈጻጸማቸው ደካማ ነው፤ መንግሥታት እንዴት እንዳከበሩ ራሳቸው ይዘግባሉ እንጂ የሚቀጣቸው የለም። ቢሆንም መሬቱ ከተነጠቀበት ማኅበረሰብ እጅ ያለው ሰነድ ይህ ነው። መሬት ከስምምነቱ ቢወጣ ካርቦን ገዢው ኩባንያ መምጣቱን አይተውም፤ የሚቀረው ሰነዱ ነው። በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 6.4 ሥር ለተቋቋመው የካርቦን ገበያ በ2024 የአቤቱታ ሥርዓት ጸድቋል። በሬድ ፕላስ ክፍያዎች ላይም ተመሳሳይ፣ ከመንግሥታት ነጻ የሆነ የአቤቱታ ሰሚ አካል እንዲኖር፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም የነዋሪው የይዞታ መብት በጽሑፍ እንዲረጋገጥ መጠየቅ ይቻላል። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ይዘው ቢነሡ ከጎናቸው እቆማለሁ።